ከሩዙ በኋላ የሚዘራው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ ጥቁር መሬት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ከመግባቱ በፊት የጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ የርብን ድልድይ ይሻገራል። የሁለቱም ወንዞች መነሻ ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ነው፤ ሜዳው ግን 1800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዞቹ የደቡብ ጎንደርን የደጋ አፈር እየጠረጉ ሜዳው ላይ ሲያራግፉ ኖረዋል። የፎገራን የእርሻ ታሪክ ከዚህ ደለል መጀመር ይገባል፤ ሩዝ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት መሬቱን በየዓመቱ ያድስ የነበረው እሱ ነውና።

አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ይደርቅና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ወደ ታች እንደ ልብ አያሳልፍም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ማሳው ኩሬ ይሆናል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ዳጉሳም ሆነ በቆሎ ቢዘራ ሥሩ አየር አጥቶ ይቢጫል፤ ጤፍም ውሃው ከበዛበት ምርቱ አያጠግብም። ስለዚህ የቀድሞው ገበሬ ጤፉን፣ ዳጉሳውንና ኑጉን ውሃ በማይተኛበት ዳርቻ ላይ ያመርት ነበር። ዝቅተኛውን ሜዳ ለከብት ተወው። በወተቷ የታወቀችው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት የፎገራ ላም የዚህ ሜዳ ልጅ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ነው።

ውሃው የሚተኛበት መሬት ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣና ሐይቁ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ይዘራል። ባሕር ሸሽ የሚሉት እርሻ ይህ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ያ ጥቁር አፈር በሆዱ ያቆየው እርጥበት ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ ጓያን፣ ሽምብራንና ምስርን አብቅሎ እስከ ፍሬ ያደርሳል። እነዚህ ሰብሎች ሥራቸው ላይ ባሉ ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ ያሳድራሉ፤ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል፣ የተረፈውም ከሥሩና ከቅጠሉ ጋር አፈሩ ውስጥ ይበሰብሳል። የፎገራ ገበሬ ስለ ባክቴሪያው ማንም ባይነግረውም ጓያ የነበረበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ እንደሚያበቅል በዓይኑ አይቶ ያውቅ ነበር። ሰብል ማፈራረቅ ለዚህ አገር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም።

ሆኖም ከእነዚህ ሰብሎች አንዱ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ጓያ ድርቅንም ጎርፍንም ይችላል፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። አዝመራ በከፋባቸው ዓመታት ድሃው ቤተሰብ ለወራት ጓያ ብቻ ይበላል። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተበላ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል፤ ሰውየው ከወገቡ በታች ይተሳሰራል፣ በበትር መሄድ ይጀምራል፣ ሲብስበትም ይድሃል። በሽታው አይድንም፤ ይበልጡን የሚመታውም በጉልበት ሥራ ላይ ያሉትን ወጣት ወንዶች ነው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ የጓያ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ በሕክምና መጽሔት ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ በፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ቡድን በእነዚሁ ሁለት አካባቢዎች ቤት ለቤት እየዞረ አጠና፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ለፎገራ አፈር እጅግ የሚጠቅመው ሰብልና የፎገራን ሰው ያሽመደመደው ሰብል አንድ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሩዝ ታሪክ ሁሉ በዚህ ጥላ ሥር ነው የሚሄደው።

ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በሁለት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው መንገድ የተፈጥሮ ነው፤ የዱር ሩዝ በፎገራ ረግረጎች ውስጥ ማንም ሳይዘራው ይበቅል ነበር። ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ የዱሩ ካበቀለ የማሳውም ይበቅላል ብለው አሰቡ። ሁለተኛው መንገድ የፖለቲካ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ወደ አካባቢው መጡ። የሩዝ እርሻው የተሞከረው በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ነበር፤ በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ ሻጋ ስማቸው ይነሳል። ከኮሪያ የመጣው ዘር ቅዝቃዜን የሚችል፣ ነጭና ለምግብ የሚጥም ፍሬ ያለው ነበር። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ከዚያው ቀበሌ ወሰደ። ከተመራማሪዎች እጅ ስንት አዲስ ዝርያ ቢወጣም ገበያውም እናቶችም ለብዙ ዓመታት ኤክስ ጅግናን ሲመርጡ ኖረዋል።

የማኅበራቱ ሩዝ ግን የገበሬው ሩዝ አልሆነም። መሬቱ የጋራ፣ ዕቅዱ ከላይ፣ ምርቱ የማኅበሩ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት ሲፈቀድለት አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሩዙም አብሮ የቀረ መሰለ። ዘሩ ግን በጥቂት ቤቶች ጎታ ውስጥ ተርፎ ነበር።

በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. ጥቂት ገበሬዎች በጥቂት ሄክታር ላይ እንደገና ጀመሩ። አሁን መሬቱ የራሳቸው ይዞታ ነበር፤ የሚያርሱትም በገዛ በሬያቸው፣ የሚያጭዱትም ለገዛ ጎተራቸው። ያኔ ፎገራ እርዳታ እህል ከሚጠብቁ አካባቢዎች አንዱ ነበር። ውሃ የሚተኛበት መሬት በክረምት ምንም አይሰጥም ነበርና ያንን መሬት ወደ ማሳ የቀየረው ሩዝ እንደ ተአምር ታየ። ሴቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት፤ ጠላም ጠመቁበት። ወረታ ላይ መፈልፈያ ማሽን ተተከለ፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ቀጥሎም በየመንገዱ። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ጉማራ፣ ቆቂትና ትጋቤ የተባሉ ዝርያዎችን ለቀቀ። በአሥር ዓመት ውስጥ በጣት ይቆጠር የነበረው ሄክታር ወደ ሺዎች ገባ።

ስለ ፎገራ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ስንት ሄክታር፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ገበሬ። እኔ ግን በእነዚያ ዓመታት ከተደረገው ሁሉ የላቀውን ብልሃት የማየው ሌላ ቦታ ነው። ገበሬው ሩዝ ሲያገኝ ጓያንና ሽምብራን አልጣለም። ቀድሞ ባዶ ውሃ ይተኛበት በነበረው ክረምት ሩዝ አስገባ፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የአባቱን ሰብል በቦታው መለሰ። ከዚያም አንድ እርምጃ ሄደ። ሩዙ እስኪታጨድ ቢጠበቅ እርጥበቱ ያልፋል፤ ስለዚህ ሩዙ ገና ቆሞ፣ ዛላው ሲቢጫ፣ ጥቅምት አካባቢ የጓያውን ዘር በሩዙ መካከል በእጁ በተነ። ጭቃው ለስላሳ ነው፤ ዘሩ ያለ ማረሻ ይይዛል። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ቀድሞ በቅሏል። በአንድ ክረምት ውሃ ሁለት አዝመራ፣ ያውም ሁለተኛው ያለ እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ ዝናብ።

ይህ አሠራር ለፎገራ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በባንግላዴሽ፣ በምሥራቅ ሕንድና በኔፓል ያለው ገበሬም ጓያን በቆመ ሩዝ ውስጥ ይበትናል። እዚያም ያው በሽታ አለ፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ በምግብ ሕግ እስከ መከልከል ደርሳለች። ክልከላው ግን ሰብሉን ከማሳ አላጠፋውም፤ ከሩዝ በኋላ የሚመጥን ሌላ ነገር በቀላሉ አይገኝምና። እ.ኤ.አ. በ1994 በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምባይንና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ፤ ዚንክ ያነሰውና ብረት የበዛበት አፈር የጓያውን መርዝ ከፍ ያደርገዋል አሉ። ውሃ የተኛበት አፈር ደግሞ በባሕርይው ብረትን ያሟሟል፣ ዚንክን ከሥር ይደብቃል። ይህ እንግዲህ የሩዝ ማሳ ጠባይ ነው። የአፈር ጤና የሚባለው ነገር በምርት ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፤ አፈሩ የጎደለው ማዕድን ከገበሬው እግር ድረስ ይደርሳል።

ሩዙ እየሰፋ ሲሄድ ወደ ግጦሹ ገባ። የወል መሬቱ ተሸነሸነ፤ ሜዳው ማሳ ሆነ። በተረፈው ግጦሽ ላይ ደግሞ አሜኬላ የተባለው እሾሃማ አረም በቀለበት፤ ከብት አይበላውም፣ አጠገቡ ያለውን ሣር እንኳ አያስግጥም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወረዳው የሠራው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ፕሮጀክት ከሕዝቡ ጋር አሜኬላ ማጽዳትን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። የፎገራ ላም በሜዳዋ ላይ መሬት አጣች። ንጹሕ ዘሯን ለማቆየት ዛሬ ተስፋ የሚጣልበት አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው።

ይህ የከብት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ የአፈርም ጉዳይ ነው። ሣር የጠፋባት ላም የሩዝ ገለባ መብላት ጀመረች። ገለባው ከማሳው እየተነሳ ቤት ይከመራል፤ እበቷም ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል እንጂ ወደ ማሳ አይመለስም። አንድ ቶን የሩዝ ፍሬ ከነገለባው ከአፈር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ይወስዳል፤ ፖታሲየምም በዚያው ልክ ነው። ከፖታሲየሙ አብዛኛው፣ አምስት እጅ ቢባል አራቱ፣ ያለው በገለባው ውስጥ ነው። ለሩዝ አገዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ሲሊከንም እንዲሁ። ስለዚህ ፍሬውን ሸጦ ገለባውን ማሳው ላይ የሚተው ገበሬና ሁለቱንም የሚያነሳ ገበሬ ከአፈሩ የሚወስዱት እዳ በጣም ይለያያል። የፎገራ ገበሬ ሁለቱንም ያነሳል። ሌላ ምን ያድርግ? በሬው መብላት አለበት፤ እሳቱም መንደድ አለበት።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ መጣ። ርብና ጉማራ ዳርቻቸውን ሰብረው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፣ እህልና ከብት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንዞቹን በአፈር ክምር መገደብ ትልቅ ሥራ ሆነ፤ በርብ ላይም ለመስኖና ለጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሠራ። ሰውን ከጎርፍ ማዳን ጥያቄ የለውም። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ መነሻ ላይ ያነሳነው ደለል አሁን በከፊል ከግድቡ ጀርባ ቀርቷል፣ በከፊልም በክምሩ ተወስኖ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ወንዙ በነጻ ይሰጥ የነበረውን አፈር ገበሬው ወደ ፊት በሌላ መተካት ይኖርበታል። ይህን ማንም ሲያስብበት አልሰማሁም፤ ሊታሰብበት ግን ይገባል።

በእነዚሁ ዓመታት ሩዝ የመንግሥት ሰብል ሆነ። ሁለት ሺህ ዓ.ም. ሲከበር የሚሊኒየሙ ሰብል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዮኮሃማ ላይ በአፍሪካ የሩዝን ምርት ለማሳደግ ጥምረት ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም ገባችበት፤ በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ወጣ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው፣ የአፍሪካንና የእስያን ሩዝ ያዳቀለው ኔሪካ ለደረቅ ማሳ ተሞከረ። በ2005 እና 2006 ዓ.ም. መካከል የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ተቋቋመ፤ ጃፓኖችም በልማት ትብብር ድርጅታቸው በጃይካ በኩል አገዙት። ዕድገት፣ ሕብር፣ ሻጋ፣ ዋንዛዬ የተባሉ ዝርያዎችም በእነዚህ ዓመታት ወጡ። አገሪቱ ከሕንድና ከፓኪስታን የምታስገባው ሩዝ በየዓመቱ እየጨመረ ስለነበር የሁሉም ዓይን ምርት ላይ ነበር።

ማዳበሪያውም በዚያው መጠን ጨመረ። ሩዝ ቀድሞ በደለል ብቻ ይበቅል የነበረበት ማሳ ዩሪያና ዳፕ ካላገኘ አልሰጥ አለ። በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ሲተካ በውስጡ ድኝ ተጨመረ፤ በገለባ የሚሄደውን ፖታሲየም ግን ሁለቱም አልያዙም። ዩሪያ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ሲበተን ከፊሉ ሳይሠራ ወደ አየር ይመለሳል፤ ውሃ የሞላው አፈር ኦክስጅን ስለሌለው ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይለውጡታልና። ገበሬው የገዛውን ሁሉ ሩዙ አይበላውም። አረሙም በዛ፤ በየዓመቱ ሩዝ ብቻ በሚዘራበት ማሳ የሩዝን ጠባይ የለመደው አረም ይነግሣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሁለቴና ሦስቴ ማረም ከሩዝ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ጉልበት ያለው በቤተሰቡ፣ የሌለው በቅጥር ያሳርማል።

የእነዚህ ሁሉ ችግሮች መፍትሔ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ፣ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአንድ ማሳ ላይ ሩዝ ብቻ እየደጋገመ ሲዘራ ቆይቷል፤ በኋላም በዓመት ሦስት ጊዜ። ምርጥ ዘር፣ በቂ ውሃ፣ ማዳበሪያ ሁሉ አልጎደለውም። ነገር ግን ምርቱ ለሃያ ዓመታት ያህል እያዘገመ ወረደ። ተመራማሪዎቹ ሲያጠኑት አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ በመቆየቱ በውስጡ ያለው ብስባሽ ናይትሮጅኑን ጠንክሮ እንደሚይዝ፣ ለሩዙም ቶሎ እንደማይለቅ ተረዱ። የማዳበሪያውን አሰጣጥ ሲያስተካክሉና በአዝመራ መካከል አፈሩ እንዲደርቅ ሲያደርጉ ምርቱ አገገመ። ፎገራ ይህን ዕረፍት ከተፈጥሮ በነጻ አላት። ዋልካው በበጋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር እስከ ጥልቁ ይገባዋል፤ ጓያና ሽምብራም በዚያው ጊዜ ናይትሮጅን ይጨምሩለታል። ሎስ ባኞስ በሳይንስ የደረሰችበትን የፎገራ አየር ጠባይና የአባቶች ልማድ አስቀድመው ሰጥተዋል። ስለዚህ መስኖ ሲስፋፋ በዓመት ሁለቴ ሩዝ እናምርት የሚለው ሐሳብ ሲነሳ እኔ የምጠይቀው ስለ ውሃው ሳይሆን አፈሩ መቼ እንደሚደርቅ ነው።

እስካሁን የጓያውን ቦታ የነጠቀው ግን ሁለተኛ ሩዝ አይደለም፤ ቀይ ሽንኩርት ነው። ሞተር ፓምፕ ሲረክስና ሲበዛ ከጉማራ፣ ከርብና ከጉድጓድ ውሃ እየተሳበ ከሩዝ በኋላ ሽንኩርትና ቲማቲም መተከል ጀመረ። ሽንኩርት ገንዘብ ነው፤ ሣር ቤቱን ቆርቆሮ ያደረገ፣ ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ለእውነቱ ለመቆም ደግሞ ሽንኩርት ላይ ከሚጨመረው ማዳበሪያ የተረፈው በሚቀጥለው ክረምት ለሩዙ ይጠቅማል፤ ሩዝ ብቻ ከመደጋገምም ይሻላል። ነገር ግን ሽንኩርት ከአፈር ይወስዳል እንጂ ከአየር አያመጣም። ሥሩ አጭር ነው፤ ፀረ ተባዩ ብዙ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፣ ያኔ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይቀራል፣ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አይቀርም። ጓያ በአንጻሩ ዕዳ አያስገባም።

አዴት ያሉ የአፈር ተመራማሪዎች ሌላም መንገድ ፈትነዋል። አዞላ የምትባል ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ተክል አለች፤ ቅጠሏ ውስጥ የምታሳድረው ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ እንደ ጓያ ሥር ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። በቻይናና በቬትናም ገበሬዎች ለዘመናት ተጠቅመውባታል። በፎገራ የሩዝ ማሳዎች ላይ ተሞክራ ተስማምታለች፣ ለሩዙም ጠቅማለች፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ይሁንና በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ጣና ላይ ከታየ በኋላ፣ የሐይቁን ዳርቻና የሩዙን ማሳ ሲወር በዓይኑ ላየ ገበሬ ሌላ ተንሳፋፊ ተክል ውሰድ ማለት ቀላል አይደለም። ሥጋቱ ይገባኛል።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ ነገር ገደሉ ጫፍ ደረሰ። የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዋጋ ሰቀለው፤ አገር ውስጥም አቅርቦቱ ተጓተተ፤ የአማራ ክልል ገበሬዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት ማዳበሪያ ስጡን ብለው ወደ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ። ከዚያ በኋላ በክልሉ የመጣው ግጭት መንገዱንም ገበያውንም አወከ። ለዓመታት በምርት ብቻ ሲለካ የኖረው ሩዝ ከማዳበሪያ ጆንያ ውጭ ምን ያህል አቅም እንዳለው የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው። ዩሪያ ያልደረሰው ገበሬ ጓያ ከነበረበት ማሳና ሽንኩርት ወይም ባዶ ከነበረበት ማሳ የሚያገኘው እኩል እንደማይሆን የአፈር ሳይንስ ይናገራል።

ታዲያ ጓያው ለምን ይቀንሳል? አንዱ ምክንያት ያው የቆየው ፍርሃት ነው። ለዚህ መልስ አለ፤ መርዙ አነስተኛ የሆነው ዋሴ የተባለ ዝርያ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በኩል ወጥቷል። በብዙ ውሃ መዘፍዘፍና የተቀቀለበትን ውሃ መድፋትም መርዙን ይቀንሳል፤ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ደግሞ አደጋውን ይቀንሳል። ሽምብራ ከነጭራሹ መርዝ የለውም፣ ገበያውም ጥሩ ነው፤ ግን ከጓያ ይልቅ ስስ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ሲበተን ይበሰብሳል፣ ማሳው ሊታረስለት ይፈልጋል።

ሌላው ምክንያት የሩዙ ዕድሜ ነው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለማምንበት ነው። ዘግይቶ የሚደርስ ሩዝ እስከ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ማሳውን ይዞ ይቆያል፤ ሲለቅ እርጥበቱ አልቋል። ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚደርስ ሩዝ ምናልባት ጥቂት ኩንታል ያንሳል፤ ለሽምብራ ግን ሁለት ሳምንት እርጥበት ያተርፋል። ዝርያ ሲለቀቅ የሚጻፈው የሩዙ ምርት በሄክታር ነው። ከሩዙ በኋላ የበቀለው ጓያና ሽምብራ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያነሰው ዩሪያ አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ አንደኛ የሚባለው ዝርያ ሌላ ይሆን ነበር። ወረታ ያለው ማዕከል ይህን ለመለካት ማሳውም ባለሙያውም አለው።

የጓያውን ዕጣ መሬቱን ማን እንደሚያርሰውም ይወስነዋል። ብዙ መሬት በፎገራ በመጋዞና በኪራይ ነው የሚታረሰው። ለአንድ ክረምት የተከራየ ሰው ሩዙን አጭዶ ይሄዳል፤ ጓያው ለሚመጣው ዓመት የሚተወው ናይትሮጅን የሌላ ሰው ነው። ውሉ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆን ግን ያው ሰው ራሱ የጓያ ዘር ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የከብቱ ነገር ነው። ሩዝ እንደ ታጨደ ከብት በሜዳው ይለቀቃል፤ ግጦሽ ስለሌለ ልማዱ የግድ ሆኗል። አንድ ገበሬ ጓያ ዘርቶ አምስት ጎረቤቶቹ ባይዘሩ፣ የአምስቱ ከብት የአንዱን ማሳ ያጠፋል፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ይተወዋል። ስለዚህ ሰብል ማፈራረቅ እዚህ ሜዳ ላይ የግለሰብ ውሳኔ ሆኖ አይጸናም፤ በጎጡ ያሉት ሁሉ ከሩዙ በኋላ አንድ ላይ መዝራትና ከብቱን አንድ ላይ መያዝ አለባቸው። በአንዳንድ ቀበሌዎች ልቅ ግጦሽን የሚከለክል ደንብ ወጥቷል፤ ገለባም እየተሸጠ ነው፣ ከብት ቤት አስሮ መመገብም እየተለመደ ነው። ደንቡ የሚሠራው ከብት የሚለቀቅበት ቀን ከሰብሉ ጋር ሲስማማ ነው። ጓያ እሸት የሚይዘው ጥር ላይ ነው፤ ከብቱ ታኅሣሥ ላይ ከተለቀቀ ዘሩ ባክኗል።